አራቱ ሊዞች፦ የአንድ ኮሜዲ ባሌት ተዋንያን ሲለዋወጡ ሳቁ ወዴት ይሄዳል?

ሊዝ የምትባል የገጠር ልጅ እናቷ በር ቆልፋባት ወጥታለች። ልጅቷ ብቻዬን ነኝ ብላ ስለ ሰርጓ ማለም ትጀምራለች። ቬሎዋን በምናቧ ለብሳ ቀስ ብላ ትራመዳለች። ሆዷ ሲገፋ በእጇ ታሳያለች። ከዚያ የምትወልዳቸውን ልጆች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ትቆጥራለች፤ አንዱን ታስጠናለች፣ አንዱን ትቆጣለች፣ ትንሹን እሹሩሩ ትላለች። በዚህ መሃል አጫጆች አምጥተው ቤት ውስጥ ከከመሩት ነዶ ሥር የምትወደው ኮላስ ብቅ ይላል። ሁሉንም አይቷል። ልጅቷ መግቢያ ቀዳዳ ይጠፋታል።

ይህ ትዕይንት ያለበት ኮሜዲ ባሌት «ላ ፊይ ማል ጋርዴ» ይባላል፤ በቅጡ ያልተጠበቀችው ልጅ እንደማለት ነው። ፈረንሳዊው ዣን ዶበርቫል ቦርዶ ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1789 ነበር፤ የባስቲል እስር ቤት ሊሰበር ሁለት ሳምንት ሲቀረው። የባሌት መድረክ በአማልክትና በጀግኖች በተሞላበት ዘመን ዶበርቫል ገበሬዎችን አወጣ። ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው ግን ፍሬድሪክ አሽተን ለለንደኑ ሮያል ባሌት እንደ አዲስ የሠራውና እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1960 ለመድረክ የበቃው ነው። ባሏ የሞተባት ሲሞን ልጇን ለሀብታም ወይን አምራች ልጅ፣ ለየዋሁ አላን ልትድር ትፈልጋለች። ሊዝ ደግሞ ልቧ ያለው ከድሃው ኮላስ ጋር ነው። ታሪኩ ይኸው ነው።

ቃሊቲ ተቀምጦ ይህን ባሌት በስልኩም ሆነ በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም። መጋረጃው እንደተገለጠ አውራ ዶሮና ዶሮዎች ይጨፍራሉ። ሊዝ ቅቤ ትንጣለች። እናትና ልጅ ቁጭ ብለው ይፈትላሉ። አጫጆች ነዶ ተሸክመው ይገባሉ። ሀብታሙ አባት ልጁን አስከትሎ፣ ውል ጸሐፊ ይዞ ይመጣል። የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ ፋብሪካና የጉምሩክ ኮንቴይነር መሃል ቢውልም፣ ብዙው ቅቤ ከምትንጥ እናት ወይ አያት የተወለደ ነው። ልጅን ለሀብታም ስለመዳርም ማንም ሊያስረዳው አይገባም። ስለዚህ የባሌትን ስልት ባያውቅም ታሪኩን ያውቃል፤ ታሪኩን ካወቀ ደግሞ ዓይኑ ወዲያው የሚሄደው ወደ ተዋንያኑ ነው።

የሂስ ሥራ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የአሽተን ሥራ አራት የተለያዩ የተዋንያን ቡድኖች ይዘውት በምስል ተቀርጿል፦ በ1962 በቢቢሲ በጥቁርና ነጭ፣ በ1981፣ በ2005 እና በ2015 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ሙዚቃው አንድ ነው፤ ጆን ላንችቤሪ በዋናነት ከፈርዲናንድ ኤሮልድ የ1828 ድርሰት ያቀናበረው። እርምጃውም አንድ ነው። የተለወጠው ሰው ብቻ ነው። አራቱን አከታትሎ ያየ ሰው የሚያገኘው ስሜት ግን አንድ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ሳቁ የሚወድቅበት ቦታ ይለያያል። የዚህ ዳሰሳ ክርክርም ይህ ነው፦ በኮሜዲ ውስጥ የተዋንያን ለውጥ ጨዋታው ስለ ማን እንደሆነ ሳይቀር ይለውጣል።

የመጀመሪያዋ ሊዝ ናዲያ ኔሪና ናት፤ ደቡብ አፍሪካ የተወለደች። አሽተን እርምጃዎቹን የቀመረው በእሷ አካል ላይ ነው። ዝላይዋ ከፍ ያለ፣ እግሯ ፈጣን ስለነበር ሊዝም ዘላይ ሆነች። ከእሷ በኋላ የመጣች ሁሉ ይህን ከፍታ እንደ ግዴታ ወርሳለች። በጥቁርና ነጩ ቅጂ ላይ ኔሪናን ያየ ተመልካች የሚስቀው ከልጅቷ ጋር ነው። እናቷን የምትበልጣት በብልጠት ብቻ ሳይሆን በጉልበትም ጭምር ነው፤ በሩ ቢቆለፍባትም የሚያቆማት አይመስልም።

በ1981 ሌዝሊ ኮሊየር ከማይክል ኮልማን ጋር ስትጫወተው ሚዛኑ ይቀየራል። ኮሊየር ትንሽ፣ ቀልጣፋ፣ ከሙዚቃው ጋር እግር በእግር የምትሄድ ናት። የእሷ ሊዝ ገና ያልበሰለች፣ ከእናቷ ጉያ ሾልካ የምታመልጥ ልጅ ናት። እናትየዋን ሲሞንን የሚጫወተው ብራያን ሾው ነው። ከእንዲህ ያለች ልጅ ፊት ሲቆም እናትየዋ ጨካኝ ሳትሆን የደከማት ሆና ትታያለች። በዚህ ቅጂ ብዙው ሳቅ የእናትና ልጅ ነው፤ ኮላስ እንደ እንግዳ ነው የሚገባው።

ከዚያ የ2005ቱ ይመጣል። አርጀንቲናዊቷ ማሪያኔላ ኑኘዝ እና ኩባዊው ካርሎስ አኮስታ።

ከቃሊቲ ሆኖ ለሚያይ ሰው በተለይ ቆም ማለት የሚገባው እዚህ ነው። አኮስታ ሃቫና ውስጥ በድህነት ያደገ የከባድ መኪና ሹፌር ልጅ ነው። ወደ ባሌት ትምህርት ቤት ያስገባው አባቱ ነው፤ ልጁ መንገድ ላይ እንዳይቀር ብሎ። ልጁ እምቢ ቢልም አባት አልለቀቀውም። ከጅቡቲ መስመር ገብተው ቃሊቲ ጉምሩክ ፊት የሚሰለፉ ሹፌሮች ለልጆቻቸው ምን እንደሚያስቡ የሚያውቅ ሰው ይህን አባት ይረዳዋል። በኩባ የተማሩ ኢትዮጵያውያንም ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ ሃቫና ለአንድ ሙሉ የኢትዮጵያ ትውልድ የሩቅ አገር አይደለችም። አኮስታ ከዚያ ሰፈር ወጥቶ በሮያል ባሌት ሮሚዮን የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ዳንሰኛ ሆነ።

ኮላስ ሆኖ ሲወጣ ድሃው ገበሬ ከሀብታሙ ልጅ ጋር የሚወዳደርበት ምክንያት በአካሉ ይታያል። በመጀመሪያው ክፍል ማብቂያ አካባቢ ኮላስ ሊዝን በአንድ እጁ መዳፍ ላይ አስቀምጦ ወደ ላይ የሚያነሳበት ቅጽበት አለ። በማንኛውም ቡድን ተመልካች ያጨበጭብለታል። አኮስታ ሲያነሳት ግን ጭብጨባው ለጉልበቱ ብቻ የሚሰጥ አይመስልም፤ ኑኘዝ ላይ የሚነበበው ደስታ ሰው አምናበት ከፍ ያለች ሴት ደስታ ነው። በዚህ ቡድን ባሌቱ ከሁሉም ይበልጥ የፍቅር ታሪክ ይሆናል። የተከፈለው ዋጋም አለ፤ ሁለቱ እርስ በርስ እንዲህ ሲስማሙ እናትየዋ የምትፈጥረው ስጋት ይላላል፤ መጨረሻው ገና ከመጀመሪያው ይታወቃል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከአራቱ አንዱን ምረጥ ቢባል ግን ይህንኑ ይመርጣል።

የ2015ቱ ቡድን ናታሊያ ኦሲፖቫንና አውስትራሊያዊውን ስቲቨን ማክሬን ይዟል። ኦሲፖቫ ሞስኮ በቦልሾይ ያደገች፣ በዝላይዋ ዓለም ያወቃት ዳንሰኛ ናት። ለኔሪና የተቀመረው ከፍታ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ የሚመጥነውን ጉልበት ያገኘው በእሷ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጉልበቱ ለኮሜዲው ሁልጊዜ አይጠቅምም። አንዳንድ ቦታ ተመልካቹ ከመሳቅ ይልቅ አፉን ይዞ ይቀራል። አድናቆትና ሳቅ በአንድ ትንፋሽ አብረው አይወጡም። የሰርግ ህልሙ ላይ ግን፣ ዝላይ በሌለበት፣ ኦሲፖቫ ከራሷ ጋር የምትጫወት ልጅ ሆና ትመለሳለች። ይህን ትዕይንት ለአሽተን ያስተማረችው ድሮ በሴንት ፒተርስቡርግ ሊዝን ትጫወት የነበረችው ታማራ ካርሳቪና ናት። የቀድሞው የሩሲያ ባሌት ቅርስ በካርሳቪና በኩል ለንደን ገብቶ፣ ከሩሲያ በመጣች ልጅ አካል ላይ እንደገና መታየቱ ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ሊዝና ኮላስ ብቻ ማውራት ግን ግማሹን መተው ነው። የተዋንያን ቡድን እውነተኛ ፈተና አላን ነው። ቀይ ጃንጥላውን ጉያው ውስጥ ሸጉጦ የሚዞር፣ ማግባት ምን እንደሆነ የማይገባው ልጅ። አሌክሳንደር ግራንት በ1960 ሲፈጥረው ሁለት ነገር አንድ ላይ አስቀምጦበታል፦ መሳቂያነትና ሐዘን። ተከታዮቹ፣ በ2005 ጆናታን ሃውልስ፣ በ2015 ፖል ኬይ፣ ይህን ሚዛን መጠበቅ ነበረባቸው። አላን ሞኝ ብቻ ከሆነ ተመልካቹ በአካል ጉዳተኛ ላይ እንደሳቀ ሰው ውስጡ ይሻክረዋል። አሳዛኝ ብቻ ከሆነ ደግሞ የሊዝ ደስታ ራሱ ክፋት ይመስላል። ባሌቱ የሚያልቀው አላን የረሳውን ጃንጥላ ሊወስድ ሹልክ ብሎ ተመልሶ አግኝቶት ሲደሰት ነው። አሽተን ሳቁን ለተሸናፊው አስረከበው። ከአራቱ ቡድኖች የትኛው እንደተሳካለት ለመመዘን የሊዝን ዝላይ መቁጠር አያስፈልግም፤ በዚህ ቅጽበት ተመልካቹ ለአላን ምን እንደተሰማው ማየት ይበቃል።

ሲሞንን የሚጫወተው በልማድ ወንድ ነው። ስታንሊ ሆልደን የጀመረው፣ ዊልያም ታኬትና ፊሊፕ ሞዝሊ የተቀበሉት የእንጨት ጫማ ጭፈራ፣ አራት ልጃገረዶች አጅበውት፣ የባሌቱ ትልቁ ሳቅ ነው። ተቃራኒውም በባሌት ታሪክ አለ፦ ሌላው ኮሜዲ ባሌት «ኮፔሊያ» በ1870 ፓሪስ ላይ ሲከፈት ጎረምሳውን ፍራንዝን የተጫወተችው ዩጄኒ ፊዮክር የምትባል ሴት ነበረች። ወንድ ሴት ሆኖ ሲጫወት የኢትዮጵያ ተመልካችም ያውቀዋል። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን በአዲስ አበባ መድረክ ሴቶችን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በኋላ እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ ሲወጡ የተለወጠው ድምፅና ቀሚስ ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹ ሴት ገፀ ባሕርይን ከመሳቂያነት አውጥቶ ሰው አድርጎ ማየት ቻለ። የተዋናይ ለውጥ የጨዋታውን ትርጉም እንደሚለውጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከአገር ውስጥ ማምጣት ይከብዳል።

አገራችን በኮሜዲ ድሃ አይደለችም። ዘመናዊው ተውኔታችን ራሱ የተጀመረው በኮሜዲ ነው፤ ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ«ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች ይዘው ቤተ መንግሥቱን ሲተቹ ተውኔቱ ታገደ። ለንደን የተማሩት መንግሥቱ ለማ ደግሞ «ጠልፎ በኪሴ»ን እና «ያላቻ ጋብቻ»ን ሰጡን። ሁለቱም እንደ ሊዝ ታሪክ ጋብቻን፣ ሀብትንና የትውልድ ግጭትን በሳቅ የሚያዩ ናቸው። ሊዝና ኮላስ «ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ ቢገቡ እንግድነት አይሰማቸውም።

የጎደለን ንጽጽሩ ነው። እኛ ዘንድ ሳቅ የሰው ነው፤ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ የሠሩትን ጭውውት ሌላ ሰው ይሥራው ብሎ የሚያስብ ተመልካች ማግኘት ይከብዳል። ይህ የሁለቱን ችሎታ ይመሰክራል፤ ግን ሰዎቹ ሲያልፉ ጨዋታውም አብሮ ያልፋል። ባሌቱ የመረጠው መንገድ ሌላ ነው፦ ገፀ ባሕርዩን ከተዋናዩ ለይቶ፣ አዲስ ሰው እንዲወርሰው አድርጎ፣ እያንዳንዱን ቡድን በስም፣ በቀንና በምስል አስቀምጧል። የእኛ ቲያትር ቤቶች አንድን ተውኔት በሳምንቱ ቋሚ ቀን ለረጅም ጊዜ ያሳያሉ። ተዋናይ ሲታመም ወይም ከአገር ሲወጣ ሌላ ይተካል፤ ብዙ ጊዜ ግን ፖስተሩ የድሮው ነው፣ የጋዜጣው ዳሰሳም ስለ መጀመሪያው ምሽት ነው። ተተኪው ምን ለወጠ? የጻፈ የለም።

እንደ ባሌቱ በአካል የሚነገር ኮሜዲ ለመሥራት የሰውነት ችሎታ የለም የሚለው ሰበብም አይሠራም። በ1996 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ላይ «ካርሚና ቡራና»ን ከጎዳና ልጆች ጋር መድረክ ላይ አወጣ፤ ከዚያም የአዱኛ የዳንስ ቡድን ተወለደ። ከዚያው የወጣው ጁነይድ ጀማል በ2004 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ኮሪዮግራፈር የሳቡሮ ቴሺጋዋራ ደቀ መዝሙር ሆኖ በሮሌክስ ፕሮግራም ተመረጠ። ጁነይድ ከአዲሱ ደምሴ ጋር ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረተ። እንዲህ ያሉ ዳንሰኞች ባሉባት ከተማ ያለ ንግግር የሚያስቅ የጋብቻ ኮሜዲ በእስክስታና በምልክት መሥራት ይቻላል።

ከቃሊቲ የሚነሳው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በሳሪስ፣ በላንቻና በተመንጃ ያዥ አልፎ ስታዲየም ያደርስ ነበር፤ ከዚያ ብሔራዊ ቲያትር በእግር ነው። ሆኖም ብሔራዊም ሀገር ፍቅርም መሃል ከተማ ናቸው፤ ለፋብሪካ ሠራተኛ ከፈረቃ በኋላ ሄዶ፣ በማታ ትራንስፖርት ፈልጎ መመለስ ቀላል አይደለም። አንዱን ቡድን ማየት የከበደው ሰው ሁለተኛውን አይቶ ያወዳድር ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ጥያቄው ለቲያትር ቤቶቹ ነው፦ ከመንግሥቱ ለማ ኮሜዲዎች አንዱን መርጣችሁ በሁለት የተዋንያን ቡድን አዘጋጁ። የዕለቱን ተዋንያን ስም በር ላይ ለጥፉ። ሁለቱንም ቅረጹ። ሁለቱንም ቡድኖች ይዛችሁ አቃቂ ቃሊቲ ውረዱ፤ ተመልካቹ ሁለቱንም አይቶ ይፍረድ፤ ፍርዱንም ጻፉት።