«ዱን»፦ ከመጽሐፍ ወደ ፊልም

አንድ ሠልጣኝ መምህር በክፍል ውስጥ፣ «ፊልሙን ካየሁ መጽሐፉን ለምን አነባለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የስንፍና ይመስላል፤ ነገር ግን የሥነ ጽሑፍ መምህር ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ ነው። ለመልሱም የአሜሪካዊው ደራሲ የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ የሳይንስ ልቦለድ በመጽሐፍ መልክ የታተመው በ1965 ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው አራኪስ በምትባል በረሃማ ፕላኔት ላይ ነው። በዚያ ውኃ ከወርቅ ይበልጣል፤ ከአሸዋው የሚገኘው ቅመም ደግሞ በከዋክብት መካከል ለሚደረግ ጉዞ የግድ አስፈላጊ በመሆኑ መሳፍንቱ ይዋጉበታል። አባቱ የተገደለበት ወጣቱ ፖል የበረሃው ነዋሪዎች ወደሆኑት ወደ ፍሬመኖች ይሸሻል፤ እነርሱም ይመጣል ተብሎ የተነገረለት አዳኝ ይህ ነው ብለው ይከተሉታል።

መጽሐፉ አባሪና የቃላት መፍቻ ሳይቀር የተጨመረበት ጥቅጥቅ ያለ ሥራ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ዋናው ነገር የሚፈጸመው በሰዎቹ ልብ ውስጥ ነው። ፖል ወደፊት በስሙ የሚደርሰውን እልቂት በራእይ ያያል፤ ይፈራል፤ ሆኖም ወደዚያው ያመራል። የደራሲውም ማስጠንቀቂያ ይኸው ነው፤ ሕዝብ ራሱን ለአንድ አዳኝ አሳልፎ ሲሰጥ ጥፋት ይከተላል።

ካሜራ ግን ፊትን እንጂ ሐሳብን አያነሣም። ታዲያ ይህን የልብ ውስጥ ታሪክ ምን ያድርጉት?

ዴቪድ ሊንች በ1984 ያቀረበው ፊልም 137 ደቂቃ ይፈጃል። ዳይሬክተሩ ሐሳቡ እንዳያመልጠው ሲል ገጸ ባሕርያቱ በልባቸው የሚሉትን በሹክሹክታ አሰማ። በአንዳንድ ሲኒማ ቤቶችም ለተመልካቹ የቃላት መፍቻ ወረቀት ታድሎ ነበር። ነገር ግን በፊልሙ መጨረሻ ፖል በተአምር ዝናብ ያዘንባል። በመጽሐፉ በረሃውን ማልማት በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት የሚፈጅ የሳይንስ ሥራ ነው፤ ውኃ ደግሞ ለቅመሙ መገኘት ምክንያት የሆኑትን ታላላቅ ትሎች ይገድላል። እንግዲህ ያ ዝናብ ሳይንሱንም ማስጠንቀቂያውንም አብሮ አጠበው፤ ፖልም እውነተኛ አዳኝ ሆኖ ቀረ።

ዴኒ ቪልኔቭ በአንጻሩ ታሪኩን ለሁለት ከፍሎ በ2021 የ155 ደቂቃ፣ በ2024 የ166 ደቂቃ ፊልም ሠራ። ይህን ያህል ጊዜ ይዞም ብዙ ቆርጧል። እንግዶች በግብዣ ላይ እየተሳሳቁ በልባቸው የሚመዛዘኑበት የመጽሐፉ ግሩም ክፍል በሊንች ፊልም እንዳልነበረ ሁሉ በዚህም የለም። በሌላ በኩል ግን ለዓይን የሚሆነውን መርጧል። የፍሬመኖቹ አለቃ ስቲልጋር በመስፍኑ ፊት ሲተፋ ወታደሮቹ ይቆጣሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ግን ስለ ሰውነቱ እርጥበት ስጦታ ያመሰግነዋል። ከመጽሐፉ በተወሰደችው በዚህች ትንሽ ትዕይንት ተመልካቹ የውኃን ዋጋ ያለ ማብራሪያ ይረዳል።

ማስጠንቀቂያውስ? ቪልኔቭ በፖል ልብ ውስጥ የነበረውን ጥርጣሬ አውጥቶ በፍቅረኛው በቻኒ አፍ አናገረው። በመጽሐፉ ከፖል ጎን የምትጸናው ቻኒ በሁለተኛው ፊልም ትጠራጠራለች፤ ትከራከራለች፤ በመጨረሻም ሌሎቹ ሲንበረከኩ እርሷ ጥላቸው ትሄዳለች። ይህ ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። የመጽሐፉን ቻኒ አጥተናል፤ ፖል ከራሱ ጋር የሚያደርገው ትግልም ቀልሏል። በእኔ አስተያየት ግን ልውውጡ ተገቢ ነው። ሊንች ቃሉን ጠብቆ መልእክቱን ለቀቀ፤ ቪልኔቭ ገጸ ባሕርይዋን ለውጦ መልእክቱን ጠበቀ። ስለዚህ ፊልምን «ምን ቀረ?» ብለን ብቻ ሳይሆን «በቀረው ፈንታ ምን ተተካ?» ብለን ልንመዝነው ይገባል።

ለሠልጣኙም የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር፦ ፊልሙ ሌላ ሰው መጽሐፉን እንዴት እንዳነበበው ያሳይሃል፤ ያ ሰው የጣለውን ለማወቅና በፍርዱ ለመስማማት ወይም ላለመስማማት ግን ራስህ ማንበብ አለብህ።

መምህራን ሆይ፣ ይህን በክፍል መፈተን ይቻላል። ተማሪዎች ከሚያጠኑት ልቦለድ ሐሳብ ብቻ የሰፈረበትን አንድ ገጽ መርጠው ያለ ተራኪና ያለ ሹክሹክታ ወደ ትዕይንት ይለውጡት። ከዚያም ምን እንደጣሉና ስለ ምን እንደጣሉት ይጻፉ። ያን ጊዜ መጽሐፉን ከቀድሞው ይልቅ አጥብቀው ያነቡታል።