ሥሩን ማወቅ ቃሉን ማወቅ ነውን? የግሪክና የላቲን ሥርወ ቃላት ትምህርት በገዳሪፍና በመተማ አዋሳኝ ሲመዘን

የእንግሊዝኛን ቃላት በግሪክና በላቲን ሥርወ ቃላት አማካይነት ማስተማር ረጅም ዕድሜ ያለው ዘዴ ነው። ጥቂት ሥሮችን የያዘ ተማሪ ብዙ ቃላትን ያለ መዝገበ ቃላት ይፈታል የሚለው ተስፋ ዘዴውን ተወዳጅ አድርጎታል። ከመሰል መጻሕፍት መካከል እጅግ የታወቀው የኖርማን ሉዊስ «ወርድ ፓወር ሜድ ኢዚ» በ1949 እ.ኤ.አ. ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። ይህ ጽሑፍ ዘዴውን በጥቅሉ ለመንቀፍም ሆነ ለማወደስ አልተነሣም። የሚጠይቀው ዘዴው ከመተማና ከገላባት እስከ ገዳሪፍ በሚዘልቀው አዋሳኝ ለሚገኝ ተማሪ ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደሚነፍገው ነው።

አካባቢው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓረብኛ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ቤጃ፣ ሐውሳ፣ መሳሊትና ጉሙዝ በዚህ ምድር ይነገራሉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በሐምዳይትና በሌሎች በሮች ተሻግረው ኡም ራኩባና ቱናይድባ በተባሉት መጠለያዎች ሰፈሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። እነዚህ ሰዎች ሲሻገሩ የትምህርት ቋንቋቸውም ይለወጣል። በኢትዮጵያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ በሱዳን ግን ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀሩ በዓረብኛ እንዲያስተምሩ ተደርጓል። ስለዚህ ለስደተኛው ተማሪ የእንግሊዝኛ የሳይንስ ቃላትን ቶሎ መያዝ ትምህርቱን የመቀጠል ወይም የማቋረጥ ጉዳይ ነው፤ አቋራጭ የሚያቀርብለትን መጽሐፍም በደስታ ይቀበላል።

የመጀመሪያው ነቀፌታ አንባቢን የሚመለከት ነው። የሉዊስ መጽሐፍ ስለ ሰው ጠባይ በሚናገሩ እንደ «ኢጎይስት»፣ «ኢንትሮቨርት» እና «ሚዛንትሮፕ» ባሉ ቃላት ይጀምራል። ይህ ቅደም ተከተል የዕለት ተዕለቱን እንግሊዝኛ በአፍ ፈትቶ፣ የቀረው የተማረ ሰው ንግግር ብቻ ለሆነ አሜሪካዊ ጎልማሳ ይስማማል። በመተማ የ9ኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ የገለጠ ተማሪ ግን የጎደለው ሌላ ነው። አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው የአካዳሚያዊ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦችን ይዟል፤ አብዛኞቹም የግሪክና የላቲን ዘር ናቸው። ከሥርወ ቃል የሚገኘው ጥቅም ተፈላጊ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሰውን የሚጠላ ሰው በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ማወቅ ሊዘገይ ይችላል።

ሁለተኛውና ዋናው ነቀፌታ «ሥር» የሚለው ቃል ራሱ በሁለት ትርጉም መዋሉ ነው። የሴማዊ ቋንቋ ተናጋሪ ሥርን ከማንም ሳይማር ያውቃል። የቅኔ ቤት ተማሪ «ቀተለ» እና «ቀደሰ» ያሉትን አርእስተ ግሶች ይዞ ሌላውን ግስ በእነርሱ እርባታ ይመስላል፤ የዓረብኛ ሰዋስው ተማሪም በ«ፈዐለ» ሚዛን እንዲሁ ያደርጋል። በሁለቱም ሥርዓት ሥሩ ብቻውን የማይነገር የተነባቢዎች ስብስብ ሲሆን ቃል የሚሆነው በአናባቢ ቅርጽ ውስጥ ሲገባ ነው። ቤጃ ኩሻዊ ቋንቋ ቢሆንም ከግሶቹ ከፊሉ በዚሁ መንገድ ይረባሉ። የእንግሊዝኛው «ሥር» በአንጻሩ እንደ ጡብ ተከታትለው ከሚደረደሩ ምዕላዶች አንዱ ነው። የሥርወ ቃል መማሪያዎች ይህን ልዩነት ሳይነኩ ያልፋሉ፤ በዚህም ለአዋሳኙ ተማሪ የሚያውቀውን ነገር እንደ አዲስ፣ አዲሱን ደግሞ እንደሚታወቅ አድርገው ያቀርቡለታል።

ልዩነቱ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ «ፍልስፍና» ያሳያል። የግሪኩ ቃል «ፍቅር» እና «ጥበብ» ከሚሉ ሁለት ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። በዓረብኛ በኩል ወደ እኛ ሲደርስ ግን መጋጠሚያው ጠፍቶ ፈ-ለ-ሰ-ፈ የሚል ባለ አራት ተነባቢ ሥር ሆነ፤ ከእርሱም «ፈላስፋ» እና «ተፈላሰፈ» ወጡ። ቋንቋዎቻችን ግሪክን የሚቀበሉት በራሳቸው ሥርዓት ቀልጦ ሲገባላቸው ነው። የእንግሊዝኛው «ፊሎሶፊ» ግን መጋጠሚያውን እንደያዘ ነው። ተማሪው «ፍልስፍና» የሚለውን ቃል ማወቁ ጥቅም አለው፤ ክፍሎቹን ለይቶ «ፊሎ»ን ወደ ሌላ ቃል ማሻገር ግን ከአፍ መፍቻው የማያገኘው፣ ሊማረው የሚገባ ክህሎት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ሥር ትርጉምን ይሰጣል የሚለውን እምነት ይመለከታል። ማርክ አሮኖፍ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቃል ምሥረታ ጥናት እንዳሳየው፣ «ሪሲቭ»፣ «ዲሲቭ»፣ «ፐርሲቭ» እና «ኮንሲቭ» የሚጋሩት ክፍል በዛሬው እንግሊዝኛ የጋራ ትርጉም የለውም። የላቲኑ ምንጭ «መያዝ» ማለት እንደሆነ ቢነገረን ከዚያ ተነሥቶ «ማታለል» ላይ የሚደርስ ተማሪ የለም። የጋራነታቸው በቅርጽ ነው፤ አራቱም ስም ሲሆኑ «ሪሴፕሽን»፣ «ዲሴፕሽን»፣ «ፐርሴፕሽን»፣ «ኮንሴፕሽን» እያሉ በአንድ ሕግ ይለወጣሉ። ተማሪውን የሚጠቅመው ይህ ሕግ ነው።

መልክ ደግሞ ያሳስታል። በእንግሊዝኛ «ፔዳጎጂ» ከግሪኩ «ልጅ»፣ «ፔዳል» ከላቲኑ «እግር» የመጡ ሲሆኑ የመጀመሪያ ክፍላቸው በጽሕፈት አንድ ሆኗል። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በግዕዝ በሃሌታው ሀ የሚጻፈው «መሀረ» አስተማረ፣ በሐመሩ ሐ የሚጻፈው «ምሕረ» ይቅር አለ ማለት ነው። ጉሮሯዊ ድምፆቹ በአማርኛ ስለ ጠፉ «ተማረ» ዛሬ ትምህርት አገኘም ምሕረት አገኘም ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ መማር በመሠረቱ ይቅርታ ማግኘት ነው የሚል ሰባኪ ሊደመጥ ይችላል፤ የቋንቋ መምህር ግን ሊለው አይገባም። የገዳሪፍ ስም ራሱ ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ከተማይቱ የገበያ ሥፍራ ስለ ነበረች ስሟ «ጉዳዩን የጨረሰ ይሂድ» ከሚል የዓረብኛ ሐረግ መጣ ይባላል። ማብራሪያው ለማስታወስ ይመቻል፤ ለማስታወስ መመቸቱ ግን ለእውነትነቱ ማስረጃ አይሆንም። የሥርወ ቃል መማሪያዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች በተደጋጋሚ ያምታታሉ።

ታዲያ ምን ይቀራል? የሚቀረው ጥቂት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን መለወጥ አለበት። በቅድሚያ መምጣት ያለባቸው ድኅረ ቅጥያዎች ናቸው። የእንግሊዝኛው «ኢቲ» እና «ኔስ» የሚሠሩትን ሥራ በአማርኛ «-ነት»፣ በዓረብኛ «-ኢያ» ይሠሩታል። የቃሉን ክፍል የሚወስኑት እነዚህ ናቸው፤ በዚህ ረገድ በሴማዊው ሥርዓት የአናባቢ ቅርጽ የሚይዘውን ቦታ ይይዛሉ። ሁለተኛው ደረጃ በአካባቢው አስቀድመው የገቡት ውሰት ቃላት ናቸው። «ፋኖስ» የግሪክ ቃል ነው፤ በዓረብኛም «ፋኑስ» ይባላል፤ ከእንግሊዝኛው «ፌኖመነን» ጋርም በመታየትና በመብራት ዘር ይገናኛል። የግሪኩ መለኪያ በትር በአማርኛ «ቀኖና»፣ በዓረብኛ «ቃኑን»፣ በእንግሊዝኛ «ካነን» ሆኗል። አንዱ የንስሐ አባት የሚሰጠውን ቅጣት፣ ሌላው የመንግሥትን ሕግ፣ ሦስተኛው የተመረጡ መጻሕፍትን ስብስብ ጭምር ይጠራል። ቃሉ ያለፈባቸው መንገዶች ትርጉሙን እንዴት እንደ ለያዩት በአንድ ክፍል የተቀመጡ የሁለት አገር ልጆች እርስ በርስ ሊያስረዱ ይችላሉ።

ሦስተኛው ደረጃ የትርጉም ውሰት ነው። «ባዮሎጂ» በአማርኛ «ሥነ ሕይወት»፣ በዓረብኛ «ዒልም አል-አሕያእ» ሲባል፣ «ሕይወት» እና «አሕያእ» የአንድ ሴማዊ ሥር ልጆች ናቸው። «ሥነ» ከ«ሎጂ» ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ «ሥነ ጽሑፍ» የጽሑፍ ጥናት ሳይሆን ጽሑፉ ራሱ ነውና። መምህሩ ይህን ገደብ ቢናገር ተማሪው የግሪኩ «ሎጂ»ም ገደብ እንዳለው ይረዳል። ከዚህ በኋላ የግሪክና የላቲን ሥሮች ይምጡ፤ ትርጉማቸው ግልጽ የሆኑት ብቻ። ፖል ኔሽን እንዳስተማረው የቃል ክፍሎችን መተንተን የሚበጀው ትርጉሙ ከዐውድ ከተገመተ በኋላ ግምቱን ለማረጋገጥ ነው።

በመጨረሻ በዚህ አዋሳኝ ክብደት ያለውን አንድ ቃል እንመልከት። የእንግሊዝኛው «ናሽናሊቲ» መወለድን ከሚገልጽ የላቲን ግስ የመጣ ነው። የዓረብኛው «ጅንሲያ» ዘርንና ትውልድን ከሚጠራው የግሪክ «ጌኖስ» ተወስዶ የዓረብኛ ቅጥያ ጨምሯል። የአማርኛው «ዜግነት» ከ«ዜጋ» የወጣ ሲሆን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃም የመሬት ሰነዶች ውስጥ ዜጋ በባለ መሬት ጌቶች ሥር የሚተዳደርን ሰው ይጠራ ነበር። ሦስቱም በቅጥያቸው አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሥራቸው ሁለቱ ስለ ልደት፣ አንዱ ስለ ተገዢነት ይናገራሉ። በኡም ራኩባም ሆነ በመተማ ቅጽ የሚሞላ ወጣት ግን የሚጠየቀው መንግሥት የሚሰጠውን ወረቀት ነው። ሥሩን ብቻ የተማረ ተማሪ «የት ተወለድህ» ተብሎ የተጠየቀ መስሎት የትውልድ መንደሩን ሊጽፍ ይችላል። ቅጥያውን፣ ዐውዱንና የዛሬውን አገልግሎት የተማረው ግን ለጥያቄው የሚገባውን መልስ ይጽፋል። ለዚህ አካባቢ የሚዘጋጅ የቃላት መማሪያ መመዘን ያለበትም ሁለተኛውን ተማሪ በማፍራቱ ነው።