መርከቡ ሲዞር ወረቀቱም ይዞራል

«ከቻይና የሚመጣ ዕቃ ባብ ኤል መንደብን አያልፍም፤ እኔን ምን ይነካኛል?» ይሉኛል ደንበኞቼ። ካርታውን ካየን እውነታቸውን ነው፤ የጅቡቲ ወደብ ከሰርጡ ወዲህ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው ያለው። ግን ብዙው መርከብ የሚመጣው ለእኛ ብሎ አልነበረም፤ ወደ አውሮፓ ሲያልፍ ጎራ ብሎ የሚያራግፍ ነበር። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ያዙ። የእኛ ኮንቴነር ሌላ ወደብ ላይ ወርዶ ተረኛ መርከብ ይጠብቃል። የጦርነት ኢንሹራንሱም ቢሆን የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አይምርም።

ትራንዚተር ነኝ። ሙያችን ባሕሩ በተለወጠ ቁጥር ቦታ ይቀይራል። እስከ 1990ው የኤርትራ ጦርነት ዋናው በራችን አሰብ ነበር፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ2004 ዓ.ም. የመርከብ ድርጅቱና የደረቅ ወደብ ድርጅቱ ሲዋሃዱ፣ በመልቲሞዳል ዕቃው ከተጫነበት ወደብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ በአንድ የጭነት ሰነድ (ቢል) መምጣት ጀመረ። የባቡሩ ሥራ በ2010 ተጨመረ። ድሮ ወደብ ላይ ቆሞ መሯሯጥ የነበረው ሥራ ዛሬ በአብዛኛው ወረቀት ማንበብ ሆኗል።

ቢሉ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው የመጨረሻ መድረሻውን ነው፤ ሞጆ ነው ወይስ ጅቡቲ? ጅቡቲ ከሆነ፣ ከዚያ እስከ ሞጆ ያለውን ማጓጓዣ የሚፈልገውም የሚከፍለውም አስመጪው ነው። ቀጥሎ የኮንቴነር ቁጥሩ፦ አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ። ሰባተኛዋ አሃዝ የፊተኞቹ በትክክል መጻፋቸውን የምታጣራ ናት። አንዷ ከተሳሳተች ቢሉና ማኒፌስቱ አይገናኙም፤ ኮንቴነሩ ይቆማል፣ የመዘግየት ክፍያው (ዲመሬጁ) ግን አይቆምም።

ስለ አማራጭ ወደብ ወሬው ብዙ ነው። በርበራ ከ2013 ጀምሮ አዲስ የኮንቴነር ተርሚናል አለው፤ ጥሩ ነው። እኔ ግን ወደብ በካርታ ይመረጣል ብዬ አላምንም። መርከብ በየስንት ቀኑ ይቆማል? የምናስገባው ከምናስወጣው እጅግ በሚበልጥበት አገር፣ ወደ ወደብ ባዶውን የሚወርደውን መኪና ወጪ ማን ይሸፍናል? ለዚህ መልስ ያላመጣ ወደብ ለእኔ ገና ወሬ ነው።

አስመጪ ወገኖቼ፣ አደራ፦ የቢሉን ረቂቅ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ላኩልን። ከተነሣ በኋላ ማረሙ ገንዘብም ቀንም ይበላል።