ሰባ ስምንት ነፍስና ጥርኝ ውሃ

ስለ ገሃነም የሚናገር ሰው በግራና በቀኝ ገደል አለበት። አንደኛው ገደል፥ ገሃነምን ጅራፍ አድርጎ ሰውን ማስደንገጥ ነው፤ በድንጋጤ የመጣ ጽድቅ ግን ድንጋጤው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ሁለተኛው ገደል፥ ገሃነምን የሕፃናት ማስፈራሪያ ነው ብሎ መሳቅ ነው፤ በፍርድ የሚስቅ ሰውም ውሎ አድሮ በተበደለ ሰው እንባ ወደ መሳቅ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል የምታልፍ ቀጭን መንገድ አለች። እርሷን ለመፈለግ፥ በአገራችን እጅግ ከታወቁት ታሪኮች አንዱን፥ የበላዔ ሰብእን ታሪክ፥ ልመረምር አስቤአለሁ። አንጥረኛ ወርቁን ወደ እሳት የሚያገባው ጠልቶት አይደለም፤ እኔም ታሪኩን የምመረምረው ስለምወደው ነው።

ታሪኩ የሚገኘው በተአምረ ማርያም ነው። መጽሐፉ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን ሲሆን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዙ። የበላዔ ሰብእ ታሪክም በብራና ብቻ አልቀረም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሏል፤ የካቲት 16 ቀን በሚከበረው በኪዳነ ምሕረት በዓል ይተረካል፤ ፊደል ያልቈጠረች ባልቴት እንኳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታውቀዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅምር በምትባል አገር አንድ ሰው ነበረ። ሲተርኩት፥ አስቀድሞ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበረ ይላሉ፤ ሰይጣን በእንግዳ ተመስሎ አሳተውና የገዛ ልጁን አሳረደው፤ ከዚያም በኋላ ከሰው ሥጋ በቀር የማይበላ ሆነ። 78 ሰዎችን በላ፤ የገዛ ቤተ ሰቦቹም ከእነዚሁ መካከል ናቸው። አንድ ቀን በመንገድ ላይ፥ ሰውነቱ በቍስል የተመታ፥ በውሃ ጥም የተቃጠለ ድኻ አገኘ። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ውሃ ቢለምነው እምቢ አለው፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ልቡ ራራና ጥርኝ ውሃ አጠጣው። ከዚያ ወዲያ ክፉ ሥራውን ትቶ ከዋሻ ገባ፤ በዚያም ሲያዝን ሞተ። ነፍሱ ለፍርድ ስትቀርብ፥ 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፥ ጥርኙ ውሃ በሌላው ወገን በሚዛን ተቀመጡ። እመቤታችን ጥላዋን ብታጠላበት ውሃው መዘነ፤ ሰውየውም ዳነ።

ይህን ታሪክ የሚሰሙ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ደስ ይለዋል፤ ጥርኝ ውሃ 78 ነፍስን ከመዘነ የእኔ ጥቂት ኀጢአት ከምን ትቈጠራለች ብሎ ይተኛል። ሌላው፥ ይልቁንም ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰው ወጣት፥ ይቈጣል፤ ነፍሰ ገዳይ በጥርኝ ውሃ ከዳነ ፍርድ ወዴት አለ ብሎ ይጠይቃል። እኔ እንደሚመስለኝ የሚቈጣው ከሚተኛው ይሻላል፤ ስለ ተበደለ ሰው የሚቈጣ ልብ ገና አልሞተምና። ዳሩ ግን ሁለቱም ታሪኩን የሰሙት እንደ ገበያ ሒሳብ ነው። አንዱ ዕቃው ረከሰልኝ ብሎ ይደሰታል፤ ሌላው ዕቃው ያለ ዋጋው ተሸጠ ብሎ ይቈጣል። ውሃው ዋጋ ነው ብለው በማሰባቸው ግን አንድ ናቸው።

ውሃው ዋጋ አለመሆኑን ለማየት፥ ሌላ የውሃ ታሪክ ከጎኑ ማስቀመጥ ይገባል። በሉቃስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ ጌታ ስለ አንድ ባለጠጋ ይናገራል፤ የአገራችን መምህራን ነዌ ይሉታል። ነዌ ሰው አልበላም፤ ሰው ስለ መግደሉም የተጻፈ ነገር የለም። ያማረ ይለብስ ነበር፥ የጣመ ይበላ ነበር፤ አልዓዛር የሚባል ቍስለኛ ድኻ ደግሞ በደጁ ተኝቶ ፍርፋሪ ይመኝ ነበር። ሁለቱም ሞቱ። ያን ጊዜ ነዌ በነበልባል ውስጥ ሆኖ፥ አልዓዛር የጣቱን ጫፍ በውሃ ነክሮ ምላሱን እንዲያቀዘቅዝለት ለመነ። በመካከላቸው ታላቅ ገደል ስለ ነበረ ግን ልመናው አልተፈጸመለትም።

እንግዲህ ሁለቱን እናስተያያቸው። 78 ሰው የበላው ዳነ፤ ማንንም በእጁ ያልነካው ተኰነነ። በዚህም በዚያም ቍስለኛ ድኻ አለ፤ በዚህም በዚያም ውሃ አለ። አንዱ በሕይወቱ ሳለ ለቍስለኛው ውሃ ሰጠ፤ ሌላው ከሞተ በኋላ ከቍስለኛው ውሃ ለመነ። በነዌና በአልዓዛር መካከል የነበረው ገደልም ያን ዕለት በሲኦል የተቈፈረ አይመስለኝም። የተቈፈረው በነዌ ደጅ ነው፤ ነዌ አልዓዛርን እያየ እንዳላየ ባለፈ ቍጥር፥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ራሱ ቈፈረው። በላዔ ሰብእ ግን ከነዌ የባሰ ጥልቅ ጕድጓድ የቈፈረ ሲሆን፥ በመጨረሻው ሰዓት የሰው ልመና በጆሮው ገባ። 78 ጊዜ ሰውን እንደ ሥጋ አየው፤ በ79ኛው ጊዜ ሰውን እንደ ሰው አየው። ስለዚህ ውሃው የነፍስ ዋጋ ሳይሆን የልብ መመለስ ምልክት ነው። የሚተኛው ሰው ውሃውን አስታውሶ ዋሻውን ረሳው፤ በላዔ ሰብእ ውሃውን ከሰጠ በኋላ ወደ ቀድሞ ማዕዱ አልተመለሰም።

የእግዚአብሔር ቅጣት ምን ይፈልጋል የሚለው ጥያቄ ክርስቲያኖችን ከጥንት ጀምሮ ያከራከረ ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው እስክንድርያዊው ኦሪጀንስ፥ ቅጣት እንደ ሐኪም መድኃኒት ነው፥ በመጨረሻም ፍጥረት ሁሉ ወደ ፈጣሪው ይመለሳል የሚል ተስፋ ነበረው። አውግስጢኖስ ደግሞ የእግዚአብሔር ከተማ በተባለው መጽሐፉ፥ በ21ኛው ክፍል፥ እንዲህ ያለውን ተስፋ ተቃውሞ ቅጣቱ ዘለዓለማዊ መሆኑን ጻፈ። በ553 በቍስጥንጥንያ የተደረገው ጉባኤም ኦሪጀንስን አወገዘ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ያንን ጉባኤ ከጉባኤዎቿ አትቈጥረውም፤ ቢሆንም ገሃነም ፍጻሜ የሌለው መሆኑን ታስተምራለች። ነገር ግን ሲኦልንና ገሃነምን ትለያለች። ሲኦል የኀጥኣን ነፍሳት እስከ ትንሣኤ የሚቈዩበት ነው፤ ገሃነም ግን ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ነው። ፍትሐት የምታደርሰው፥ በ40 ቀንና በ80 ቀን ሙታንን የምታስበው፥ የሕያዋን ጸሎት ለሙታን ይጠቅማል ብላ ስለምታምን ነው። እንግዲህ የገሃነምን ዘለዓለማዊነት የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን፥ ስለ አንድ ሟች እንኳ ተስፋ መቍረጥን አላስተማረችም።

በገዳሞቻችን ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ሆኖ የሚነበበው ማር ይስሐቅ፥ በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው፥ ስለዚሁ ነገር ያስተማረው እጅግ ጥልቅ ነው። በገሃነም ያሉትን የሚገርፋቸው ፍቅር ነው፤ ፍቅርን እንደ በደሉ ማወቃቸው ከእሳት ሁሉ ይልቅ ያቃጥላቸዋል ይላል። በ1983 ሰባስትያን ብሮክ የተባለው የሱርስት ቋንቋ ሊቅ፥ ጠፍቶ የነበረውን የማር ይስሐቅን ሁለተኛ ክፍል በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት አገኘ፤ በዚያም ውስጥ እግዚአብሔር ገሃነምን ያዘጋጀው ለበቀል ሳይሆን በስተ መጨረሻው ለምሕረት አስቦ ነው የሚል ትምህርት ተገኘ። ይህን ትምህርት ሁሉም እንዳልተቀበለው አውቃለሁ። ቢሆንም ስለ በላዔ ሰብእ የሚያስረዳን ነገር አለ። ያ ሰው ውሃውን ሰጥቶ ወደ ዋሻ ሲገባ፥ ማር ይስሐቅ የሚናገረውን ጅራፍ በሕይወቱ ሳለ የቀመሰ ይመስለኛል። የገደላቸውን ሰዎች እንደ ሰዎች ያያቸው ያን ጊዜ ነው፤ እንዲህ ያለ ማየት ደግሞ ያለ ሥቃይ አይገኝም።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩን አመሰገንሁት። አሁን ግን የጐደለውን መናገር ይገባኛል። ታሪኩ 78ቱን ሰዎች ዝም ያሰኛቸዋል። በሚዛን ላይ ክብደት ሆነው ተቀምጠዋል፤ አፍ ግን የላቸውም። የፈለጉትን የሚጠይቃቸው የለም። ገዳያቸው ሲድን ምን አሉ? ልጁስ አባቱን ሲያይ ምን አለ? የሚቈጣው ወጣት የሚጠይቀው ይህንን ከሆነ፥ ጥያቄው የኑፋቄ ጥያቄ ሳይሆን የተገባ ጥያቄ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የተወጋው የማይጠየቅበት ምሕረትም ለወጊው የተሰጠ መርሻ ብቻ እንዳይሆን ያሰጋል።

ደግነቱ፥ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ የያዘ ሌላ ጥንታዊ መጽሐፍ በግዕዝ ተጠብቆ ነበር። በ2ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የጴጥሮስ ራእይ፥ ከቀኖና መጻሕፍት ውጭ ሆኖ፥ በግሪክኛ ቍርጥራጩ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሙሉ ሊባል የሚችለው የተገኘው በግዕዝ ሲሆን፥ ፈረንሳዊው ሲልቨን ግሬቦ በ1910 አሳተመው። መጽሐፉ የገሃነምን ሥቃይ በየዓይነቱ ይዘረዝራል፤ አስፈሪነቱም ከብዙዎች ይበልጣል። ነገር ግን በነፍሰ ገዳዮች ቦታ አንድ ሌላ የማናየው ነገር አለ። የተገደሉት ሰዎች ነፍሳት ቀርበው ያያሉ፤ የእግዚአብሔር ፍርድ ትክክል መሆኑንም አፍ አውጥተው ይናገራሉ። እዚህ የሞቱት ክብደት ብቻ አይደሉም፤ ምስክሮች ናቸው። ከግሪክኛው ቍርጥራጭ አንዱ ደግሞ፥ ጻድቃን ከሥቃይ እንዲወጣ የለመኑትን ሰው ሁሉ እግዚአብሔር እንደሚሰጣቸው ይናገራል። በግዕዙ ተከትሎ በሚመጣው ክፍልም፥ ጴጥሮስ ስለ ኀጥኣን ምሕረት አጥብቆ ሲጠይቅ፥ ሰዎች በምሕረት ተማምነው ኀጢአትን እንዳያበዙ የሰማውን እንዲሰውር ይታዘዛል።

እነዚህን ሁለቱን መጻሕፍት አንድ ላይ ያነበበ ሰው፥ አንዱ የሌላውን ጕድለት ሲሞላ ያያል። የጴጥሮስ ራእይ የበዳዩን ልብ መመለስ አይተርክልንም፤ ተአምረ ማርያም ይተርካል። ተአምረ ማርያም የተበደሉትን ድምፅ አያሰማንም፤ የጴጥሮስ ራእይ ያሰማል። ከሁለቱም የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ ምሕረት ለነፍሰ ገዳይ እንኳ ይቻላል፤ መንገዱ ግን በተበደለው ሰው ፊት ያልፋል እንጂ ከበስተ ኋላው አይዞርም። ዘኬዎስ ይህን ያውቅ ነበር። ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ተደስቶ ዝም አላለም፤ የበደለውን ሰው እያሰበ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ።

ይህ ነገር የብራና ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የብዙ ወጣቶች ደም በየመንገዱ ፈስሷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተደረገው ጦርነትም ሰው በወንድሙ እጅ ብዙ ተቈረሰ። ከዚያ ዘመን የተረፉ ሰዎች፥ የገደለና የተገደለበት፥ በአንድ ደብር ቅጽር ሊገናኙ ይችላሉ። ለገዳዩ ከቶ ምሕረት የለህም ብንለው፥ ከነውሩ ጋር ተቈልፎ ይቀራል፤ ተስፋ የሌለው ሰውም የሚያፍርበት ፊት የለውም። እግዚአብሔር ይቅር ብሎሃልና ዝም በል ብንለውም፥ ልጇ ያልተመለሰላትን እናት ሁለተኛ ገደልናት። ልንለው የሚገባው፥ በሩ አልተዘጋም፥ ነገር ግን በበሩ ላይ እርሷ ተቀምጣለች ነው። የልጇን መቃብር የሚያውቅ እንደ ሆነ ይንገራት፤ ያደረገውን ሳይሸፍን ይናዘዝ፤ የሚመለሰውን ይመልስ፤ የማይመለሰውን ይሸከም። ይቅር ማለትና አለማለት ግን የእርሷ ነው፤ ማንም፥ ካህንም ቢሆን፥ በግድ ሊያስለቅቃት አይገባም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት አንተ ማንንም አልገደልህም፥ ይህም ጽሑፍ ላንተ አይመስልህም ይሆናል። ነዌም እንደዚሁ ያስብ ነበር። በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ በመጨረሻው ቀን ስለ ተራበና ስለ ተጠማ ሰው እንጠየቃለን፤ ጥያቄው ለነፍሰ ገዳዮች ብቻ የተለየ አይደለም። ስለ ገሃነም ርዝመት ሊቃውንት ይከራከሩ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። አንተ ግን የእሳቱን ዘመን ከመቍጠርህ በፊት፥ በደጅህ ተኝቶ ውሃ የሚለምነው ማን እንደ ሆነ ወጥተህ እይ፤ የበደልኸውም ሰው ካለ፥ ወደ ቅዳሴ ሳትሄድ አስቀድመህ ወደ እርሱ ቤት ሂድ።