«ቀላል ወንጀል» እና «ጥንቃቄ የጎደለው አነዳድ»፤ ስለ ሁለት የሕግ ስያሜዎች አጭር ሂስ

አንድ የሙያ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ለጆሮ መስማማቱ ብቻ አይበቃም፤ በመነሻው ቋንቋ ከጎረቤቶቹ የሚለየውን ወሰን ይዞ መምጣት አለበት። በአሜሪካ በሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ለወንጀልና ለትራፊክ ክሶች የተለመዱት አቻዎች በዚህ መለኪያ ሲመረመሩ ጉድለታቸው ጎልቶ ይታያል። ለምሳሌ ያህል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን የቨርጂንያን ግዛት ሕግ እንውሰድ።

ሕጉ ጥፋቶችን በሦስት ይከፍላል። «ፌለኒ» በግዛቲቱ ማረሚያ ቤት የሚያሳስር ወንጀል ነው። የተቀረው ወንጀል ሁሉ «ሚስዲሚነር» ሲሆን፥ ከአራቱ ደረጃዎቹ ከፍተኛው እስከ 12 ወር የአካባቢ ወኅኒ ቤት እሥራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። «ትራፊክ ኢንፍራክሽን» ግን ወንጀል እንዳልሆነ ሕጉ ራሱ ይደነግጋል።

መካከለኛውን እርከን አንዳንዶች «ደንብ መተላለፍ» ይሉታል። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ወንጀሉን ወንጀል ካልሆነው ጋር ይደባልቃልና። የብዙዎቹ ምርጫ «ቀላል ወንጀል» ነው። ስያሜው የኢትዮጵያ ሕግ ከሚያውቀው «ቀላል እሥራት» የተወሰደ ነው ተብሎ ሊደገፍ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቀላል እሥራትን በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ይወስነዋልና፥ «ቀላል» ለሕግ ባለሙያ የሚናቅ ቃል አይደለም። በተከሳሽ ጆሮ ግን «አያሳስብም» የሚል ድምፅ አለው። ይህን ሰምቶ ጥፋቱን በችኮላ ያመነ ሰው፥ የወንጀል ሪኮርድ እንደተመዘገበበት የሚረዳው ሥራ ሲፈልግ ወይም ዜግነት ሲጠይቅ ይሆናል። ስለዚህ «መለስተኛ ወንጀል» ይሻላል። «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ከሚለው የትምህርት ቤት አጠራር እንደምንረዳው፥ ቃሉ በሁለት እርከኖች መካከል መሆንን ያመለክታል እንጂ ነገሩን አያቃልልም።

ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው። በሰዓት 55 ማይል በተወሰነበት መንገድ 74 የነዳ ደንብ ተላለፈ፤ 75 የነዳ ግን «ሬክለስ ድራይቪንግ» በሚባለው ከፍተኛ ደረጃ ሚስዲሚነር ሊከሰስ ይችላል፤ ከወሰኑ በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ማለፍ ለክሱ በቂ ነውና። ይህን ክስ «ጥንቃቄ የጎደለው አነዳድ» ብሎ መተርጐም ተለምዷል። ነገር ግን በዚያው ሕግ «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ» የሚባል ሌላ ጥፋት አለ። የተከሳሹ ጥፋት አነስተኛ ሆኖ ከተገኘ ዳኛው ክሱን ወደዚህ ሊያወርደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ከ500 ዶላር በማይበልጥ መቀጮ የሚያልቅ የደንብ መተላለፍ ይሆናል። «ጥንቃቄ የጎደለው» የሚለው ሐረግ በትክክል የሚስማማው ለዚህ ለሁለተኛው ነው። አስተርጓሚው ለመጀመሪያው ከሰጠው ለሁለተኛው የሚቀረው ቃል የለም፤ ተከሳሹም የወንጀል ክሱ እንደወረደለት ሳያውቅ ከችሎት ይወጣል። «በግዴለሽነት መንዳት» የሚለውም አያዋጣም፤ የነጂውን ስሜት ይገልጻል እንጂ የፍጥነቱን መጠን አይመለከትም። ለመጀመሪያው «አደገኛ አነዳድ» ቢባል ሁለቱ ስያሜዎች ሳይጋጩ ይቆማሉ።

ከዚህ እንደምንረዳው የሕግ ቃላት በነጠላ አይተረጐሙም። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ መላውን መሰላል አቁሞ ለእያንዳንዱ እርከን የተለየ ስም መስጠት ይገባዋል፤ አንዱ ስም ሁለት እርከን ከያዘ የሚወድቀው ቃሉን አምኖ የረገጠው ሰው ነው።