ከበሮን ለመቅዳት ርካሽ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ስለ መምረጥ

ያገራችንን ዜማና ባህል የሚያጠኑ ተማሪዎች ወደ ባላገር ወይም ወደ ደብር ሲወጡ ከሚይዟቸው መሣሪያዎች አንዱ ማይክሮፎን ነው። መሣሪያው ሲመረጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «የቱ ይሻላል?» የሚል ነው እንጂ «ለምን ነገር ይሻላል?» የሚል አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ርካሽ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ከበሮን ለመቅዳት ሲመረጥ በተለምዶ የሚሰጠውን ምክር መመርመርና፣ ተገቢ የሆነውን ካልሆነው መለየት ነው። ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ሊቅ ዛሬ የመታው ከበሮ ነገ ላይደገም ይችላልና፣ በደንብ ያልተቀዳ ድምፅ ከኛ በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪ የተሳሳተ ምስክር ሆኖ ይቀራል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። ኮንደንሰር ማይክሮፎንን በ1916 የሠራው ኤድዋርድ ዌንት የተባለ አሜሪካዊ ነው። በውስጡ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ እጅግ ስስ ሽፋን በአንድ የብረት ሰሌዳ ፊት ይቀመጣል፤ ድምፁ ሽፋኑን ሲያንቀጠቅጠው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለሚለዋወጥ ኤሌክትሪኩም አብሮ ይለዋወጣል። ለረጅም ዘመን ይህ ዕቃ ውድ ነበር። በ1962 ግን ጌርሃርድ ዜስለርና ጄምስ ዌስት በቤል ላቦራቶሪ ኤሌክትሬት የተባለውን፣ ኤሌክትሪክን በራሱ ይዞ የሚኖር ሽፋን ያለበትን ማይክሮፎን ሠሩ። ዛሬ ተማሪ ሊገዛው የሚችል ኮንደንሰር የተገኘው በአብዛኛው ከዚህ ሥራ ነው። ስለዚህ «ርካሽ» ማለት ሁልጊዜ «መናኛ» ማለት አይደለም።

እንግዲህ ወደ ምክሮቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ምክር «ከራሱ የሚወጣ ሹክሹክታ የሌለበትን ምረጥ» የሚል ነው። ሮድ የተባለው የአውስትራልያ ፋብሪካ ኤን ቲ 1 ኤ የሚባለውን ማይክሮፎን የሚያስተዋውቀው የራሱ ሹክሹክታ 5 ዴሲቤል ብቻ ነው በማለት ነው። ያው ፋብሪካ በጥንድ የሚሸጠው አነስተኛው ኤም 5 ግን 19 ዴሲቤል አለው። ቍጥሮቹን ብቻ የተመለከተ ሰው ያለ ጥርጥር የመጀመሪያውን ይመርጣል። ነገር ግን ጸጥ ያለ ክፍል እንኳ ራሱ ወደ 30 ዴሲቤል ገደማ ድምፅ አለው፤ ተራ ንግግር በአንድ ሜትር ርቀት ወደ 60 ይደርሳል፤ ከበሮ ደግሞ ከንግግር እጅግ ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ድምፅ ሥር የ5 እና የ19 ልዩነት አይሰማም። ስለዚህ ይህ ምክር በራሱ እውነት ቢሆንም ለከበሮ ሲሰጥ ከንቱ ነው፤ ገዢውንም ለማይጠቅመው ነገር ያስከፍለዋል።

ሁለተኛው ምክር «ሽፋኑ ሰፊ የሆነውን ምረጥ፤ ድምፁ ሙሉ ነው» የሚል ነው። ይህኛው ከመጀመሪያው የበለጠ ያሳስታል። ሰፊ ሽፋን ያለው ማይክሮፎን ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ድምፅ ደኅና አድርጎ ይቀበላል፤ ከጎን የሚመጣውን ግን፣ በተለይ ቀጭኑን ድምፅ፣ መልኩን ለውጦ ነው የሚቀበለው። ከበሮ ሲቀዳ ደግሞ ድምፁ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አይመጣም። በዚህ ረገድ ጠባብ ሽፋን ያለው ይሻላል። ከዚህም ሌላ አንድ የአሠራር ጕድለት አለ። የጀርመኑ ኖይማን ኩባንያ በ1960 ባወጣው ዩ 67 ውስጥ ያለው ካፕሱል ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚሰጥ ነው፤ የማይክሮፎኑ የኤሌክትሪክ ክፍል ግን ያንን ትርፍ መልሶ ይቀንሰዋል። በብዙዎቹ ርካሽ ማይክሮፎኖች ግን የካፕሱሉ አሠራር ሲቀዳ መቀነሻው ቀርቷል። ውጤቱም በድራም ላይ ሲምባሉ እንደ መስተዋት ስብርባሪ ጆሮን የሚወጋ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ነገር በምክሮቹ ውስጥ እምብዛም የማይነሣ ነው፤ ይኸውም የኤሌክትሪኩ ብዛት ነው። ኤን ቲ 1 ኤ በ94 ዴሲቤል 25 ሚሊቮልት ያህል ይሰጣል። በትር በስኔር አጠገብ ሲመታ ድምፁ 130 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላልና፣ ያን ጊዜ የሚወጣው ኤሌክትሪክ 1.6 ቮልት ያህል ይሆናል። በ1965 የወጣው ሹር ኤስ ኤም 57 ግን ኮንደንሰር ሳይሆን ዳይናሚክ ስለ ሆነ በ94 ዴሲቤል የሚሰጠው ከ2 ሚሊቮልት በታች ነው። እንግዲህ ድምፁ ሲሻክር ብዙ ሰው ማይክሮፎኑን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ይህን ያህል ኤሌክትሪክ መሸከም ያልቻለው የመቅጃው መግቢያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማይክሮፎን የሚገዛ ሰው መቅጃው 48 ቮልት መስጠቱን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል መቀበል እንደሚችል አስቀድሞ ይመርምር።

ከዕቃው ይልቅ ቦታው እንደሚበልጥ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። ሌድ ዜፔሊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1971 ባወጣው አራተኛ አልበሙ «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» በሚለው ዘፈን የሚሰማው የጆን ቦናም ድራም ባሰማሙ ዝነኛ ነው። መሐንዲሱ አንዲ ጆንስ ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ አሮጌ ቤት ውስጥ ድራሙን ከደረጃው ግርጌ አስቀምጦ፣ ሁለት ማይክሮፎኖችን ከላይ በኩል ሰቀለ። ማይክሮፎኖቹም ቤየር ኤም 160 የተባሉ፣ በኮንደንሰር ፈንታ በሪበን የሚሠሩ ነበሩ። ከዚህ የምንማረው ሪበን እንድንገዛ አይደለም፤ ያ ድምፅ የተወለደው ከቤቱ ከፍታና ከርቀቱ መሆኑን ነው።

ይህ ሁሉ ወዳገራችን ሲመለስ ጕዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በማኅሌት የሚመታው ከበሮ ሁለት አፍ አለው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። አገልግሎቱ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሻገር ምቱ እየፈጠነ ይሄዳል፤ መቺዎቹም ከበሮውን በትከሻቸው አንጠልጥለው ይንቀሳቀሳሉ። በዚሁ ላይ ጸናጽሉ አለ። ቀጭኑን ድምፅ ከልክ በላይ የሚያጎላ ማይክሮፎን ጸናጽሉን አግንኖ የከበሮውን ጠባብ አፍ ይሸፍነዋል። በአንዳንድ ማይክሮፎን ላይ ያለው የወፍራም ድምፅ መቀነሻም ተከፍቶ ከተረሳ የሰፊውን አፍ ድምፅ ያጎድለዋል። እንዲህ ያለውን ቅጂ ይዞ የሁለቱን አፎች ምት ለይቶ ሊጽፍ የሚሞክር ተማሪ የሌለውን ሥርዐት ሊጽፍ ይችላል።

አቀማመጡም እንደዚሁ ነው። ድምፅ በአንድ ሺሕኛ ሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ያህል ይጓዛል። አንዱ ማይክሮፎን ከሌላው በዚህ ያህል ከራቀና ሁለቱ ተደባልቀው በአንድ ድምፅ ከተሰሙ፣ በ500 ሄርትዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። መቺው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ የሚጠፋው ድምፅ ከእርምጃ እርምጃ ይለዋወጣል። ስለዚህ ሁለቱን ማይክሮፎኖች አጠጋግቶ፣ አፋቸውን ግራና ቀኝ አዙሮ፣ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ማድረግ የተሻለ ነው።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ዕቃው የሚገዛው ለከበሮ ብቻ አይደለም፤ በገናም ይቀዳበታል» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው። በገና ዝቅ ያለ ድምፅ ስላለው በሱ ላይ የማይክሮፎኑ ሹክሹክታ በእርግጥ ይሰማል፤ ስለዚህ ከላይ ከንቱ ያልነው ምክር ለበገና ትክክለኛ ምክር ይሆናል። ነገር ግን ይህ የሚያሳየው ለሁሉም የሚሆን «ምርጥ» ማይክሮፎን አለመኖሩን ነው እንጂ የነገራችንን ስሕተት አይደለም።

ባጭሩ፣ ከበሮ ለሚቀዳ ተማሪ ከአንድ ውድ ማይክሮፎን ይልቅ ጠባብ ሽፋን ያላቸው፣ ተመሳሳይነታቸው ተመርምሮ በጥንድ የሚሸጡ ሁለት መጠነኛ ማይክሮፎኖች ይበልጡበታል። የተረፈውንም ገንዘብ ለረዥም መቆሚያና ለደኅና መቅጃ ያውለው። ከሁሉም በፊት ግን ከበሮውን መጀመሪያ በጆሮው ይስማ፤ ሁለቱን አፎች በጆሮው ያልለየ ሰው የትኛው ማይክሮፎን እንደ ለያቸው ሊፈርድ አይችልምና።