በኢንተርፌሮሜትር የሚሠራው የራማን መሣሪያና የውጤቱ ተአማኒነት

ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ራማን ከክሪሽናን ጋር እ.ኤ.አ. በ1928 ይፋ ያደረገው ክሥተት እንደሚያስረዳው፣ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ብርሃን በቁስ ላይ ሲያርፍ ከሚበተነው ጨረር እጅግ ጥቂቱ ቀለሙን ለውጦ ይመለሳል። የለውጡም መጠን እንደ ሞለኪውሉ ንዝረት ስለሚለያይ ማዕድናት በዚሁ ተለይተው ይታወቃሉ። ካልሳይት በሴንቲሜትር በ1086፣ ኳርትዝ ደግሞ በ464 የሞገድ ቁጥር ላይ ጉልህ መስመር ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ማርስ ላይ ያረፈችው ፐርሲቪራንስ ሱፐርካምና ሼርሎክ የተባሉ ሁለት የራማን መሣሪያዎች ይዛለች። ሁለቱም ብርሃንን በየቀለሙ በትነው የሚለኩ ናቸው።

ከዚህ የተለየው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 በሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀረበው ነው። አሠራሩ የማይክልሰንን ኢንተርፌሮሜትር ይመስላል፤ ነገር ግን በሁለቱ መስተዋቶች ፈንታ በጥቃቅን ትይዩ መስመሮች የተጫሩ ግሬቲንጎች ይተካሉ። በካሜራው ላይ የሚታየው ስፔክትረም ሳይሆን የብርሃንና የጨለማ ዝንጉርጉር ነው። ስፔክትረሙ የሚገኘው ዝንጉርጉሩ በፉሪየ ሒሳብ ከተተነተነ በኋላ ነው።

የመሣሪያው ደጋፊዎች የሚዘረዝሯቸው ጥቅሞች እውነተኞች ናቸው። ተንቀሳቃሽ አካል የለውም፤ ጠባብ ቀዳዳ ስለማያስፈልገው ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ ሌዘሩም በሰፊ ቦታ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ጥቁር ማዕድናትን ከመቃጠል ያድናል። ይሁን እንጂ ውዳሴው ሁለት ዐበይት ጉዳዮችን አቃልሎ ያልፋል።

አንደኛው የመዋዠቅ ጉዳይ ነው። 10,000 ፎቶኖች ሲቆጠሩ ቆጠራው በ100 ያህል ይዋዥቃል። በበታኝ መሣሪያ የአንድ ብርቱ መስመር መዋዠቅ በዚያው መስመር ሥፍራ ተወስኖ ይቀራል። በኢንተርፌሮሜትር ግን እያንዳንዱ የካሜራ ነጥብ ቀለማትን ሁሉ በአንድነት ስለሚቀበል መዋዠቁ በመላው ስፔክትረም ይሰራጫል። ዓለቱ የሚፈካ ከሆነም ደካማው መስመር ይዋጣል። ቀለማትን ባንድ ጊዜ መለካት ትልቅ ጥቅም የነበረው የመሣሪያው የራሱ ሁከት ባየለበት ዘመን ነበር፤ በዛሬዎቹ ጸጥተኛ ካሜራዎች ይህ ጥቅም በአብዛኛው ይቀራል።

ሁለተኛው የመታጠፍ ጉዳይ ነው። የዝንጉርጉሩ ጥግግት የሚያመለክተው መስመሩ ከተወሰነ መነሻ ያለውን ርቀት እንጂ አቅጣጫውን አይደለም። መነሻው 700 ቢሆን በ1086 የሚገኘው የካልሳይት መስመር ከመነሻው 386 ይርቃል፤ በ314 ያለ መስመርም እንዲሁ። ስለዚህ ሁለቱ አይለዩም። አንዱን ግሬቲንግ በጥቂቱ ማዘንበልና ምስሉን በሁለት አቅጣጫ መተንተን፣ ወይም ያልተፈለገውን ወገን በማጣሪያ መከልከል መፍትሔ ይሆናል። ይህ ካልተደረገ ግን የሌለ ማዕድን እንዳለ ተደርጎ ሊነገር ይችላል።

በዚህ ላይ የዝንጉርጉሩን ዳርና ዳር ማለስለስ ሐሰተኛ ጉብታዎችን ሲቀንስ እውነተኛዎቹን መስመሮች ያሰፋል። የፍካቱን መደብ መቀነስም የሠሪውን ፍርድ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ፍርድ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከማርስ የተገኘ ምሳሌ ያሳያል። ከኦርጋኒክ ቁስ ሊመነጭ ይችላል የተባለው ፍካት እንደ ሴሪየም ካሉ ኦርጋኒክ ያልሆኑ ምንጮችም ሊመጣ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት አመልክቷል። የሕይወት ፍንጭ በሚፈለግበት ሥራ እንዲህ ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

እንግዲህ መሣሪያው አይናቅም፤ ውጤቱም ያለ ጥያቄ አይታመንም። ስፔክትረም በቀረበ ጊዜ ሁሉ ጥሬው ዝንጉርጉርና እያንዳንዱ የሒሳብ ደረጃ አብረው መቅረብ ይገባቸዋል። ለመምህራንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የብርሃንን መደራረብ የሚማር ተማሪ ኩርባውን ከማንበቡ አስቀድሞ ኩርባው እንዴት እንደ ተሠራ መጠየቅን ይልመድ። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም መሣሪያን ከሒሳብ ለይተው ቢያዩ፣ ዕቃው በቤተ ሙከራ ተገኝቶ ውጤቱን የሚመረምር ሰው እንዳይጠፋ ያሠጋል።